ቁጥሩ የማን አቆጣጠር ነው?



በአሚሻቭ ሠፈራችን ሁለተኛ ደረጃ የደረሱ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች «ማዳዔይ ሀማህሼቭ» የሚባለውን የኮምፒውተር ትምህርት ስም ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ለባግሩት በ5 የሂዶት ሊወሰዱ ከሚችሉት ትምህርቶች አንዱ ነው። ልጁ ይህን ደብተር ሲዘረጋ ብዙ እናቶችና አባቶች «ይህስ ከእኛ በላይ ነው» ብለው ዝም ይላሉ። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምፈልገው፣ ከትምህርቱ ዋና ዋና ክፍሎች አንዱን እናንተ ከልጆቻችሁ በፊት በኑሮ የተማራችሁት መሆኑን ነው። ይኸውም ነገሮችን በየዓይነታቸው መለየትና ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው መለወጥ የሚባለው ነው። በዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሶሻል ወርክ እንጂ ኮምፒውተር አይደለም። ይህን ክፍል ያወቅሁት የቤት ሥራ ከሚሠሩ ወጣቶች አጠገብ በመቀመጥና፣ ከሁሉም በላይ፣ ከቤተሰቦች ጋር ቅጽ በመሙላት ነው።

ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ እንደሚባለው፣ ከቁና እንጀምር። አንድ ሰው 5 ቁና ጤፍ አለው፤ ሌላ 5 ኪሎ ጤፍ ገዛ። ስንት ሆነለት? «10» የሚል ሰው ካለ፣ አገር ቤት ገበያ ወጥታ የምታውቅ ማንኛዋም እናት ትስቅበታለች። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፤ ዓይነታቸው ግን ይለያያል። በመጀመሪያ ቁናውን ወደ ኪሎ መለወጥ፣ ከዚያ መደመር ያስፈልጋል። ኮምፒውተር ግን ይህን በራሱ አያውቅም። 5 እና 5 ከሰጡት 10 ብሎ ይመልሳል፤ ቁናም ይሁን ኪሎ ደንታ የለውም።

ስለዚህ አንዳንድ የኮምፒውተር ቋንቋዎች ጥብቅ ደንብ ተሠራላቸው። በጃቫና በሲ ሻርፕ፣ ማለትም ልጆቻችን ለባግሩት በሚማሩባቸው ቋንቋዎች፣ ማንኛውም ነገር ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ዓይነቱ መነገር አለበት። «ይህ ሙሉ ቁጥር ነው»፣ «ይህ ክፍልፋይ ያለው ቁጥር ነው»፣ «ይህ ጽሑፍ ነው» ተብሎ ይታወጃል። ኮምፓይለር የሚባል መርማሪ ፕሮግራሙ ሥራ ሳይጀምር ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ያነባል። ዓይነቱ ያልተስማማ ነገር ካገኘ አላሳልፍም ይላል። ልጆቹ በዚህ መርማሪ ይናደዳሉ፤ ነገር ግን የሚያስቆማቸው በር ላይ ነው፤ ገደል አፋፍ ላይ ከመቆም ይሻላል።

በእነዚህ ቋንቋዎች ሙሉ ቁጥርን ወደ ክፍልፋይ ቁጥር መለወጥ ቀላል ነው፤ 3 የነበረው 3.0 ይሆናል፤ ምንም አልጎደለም። ስለዚህ መርማሪው ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። የተገላቢጦሹ ግን እንደዚያ አይደለም። 3.9 ወደ ሙሉ ቁጥር ይለወጥ ቢባል የሚገኘው 4 ሳይሆን 3 ነው፤ ከነጥቡ በኋላ ያለው ተቆርጦ ይጣላል። በዚህ ጊዜ መርማሪው ፕሮግራም ጸሐፊውን «የምትጥለውን አውቀህ ነው?» ይለዋል። ጸሐፊውም አዎን፣ አውቄ ነው ብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት። ደርሶ መልስ የሚያደርግ ለውጥ ጤናማ ነው፤ 3 ወደ 3.0 ሄዶ ተመልሶ 3 ይሆናል። 3.9 ግን አንድ ጊዜ 3 ከሆነ በኋላ ወደ 3.9 የሚመልሰው የለም።

እስከዚህ ያለው ቋንቋው ራሱ ይዟቸው የሚመጣው ዓይነቶች ናቸው። ትልቁ ትምህርት የሚጀምረው ልጁ የራሱን ዓይነት ሲፈጥር ነው። ለምሳሌ «ቀን» የሚባል ዓይነት ዓመት፣ ወርና ዕለት ይኖሩታል፤ ወሩ ከ1 በታችና ከ12 በላይ እንዳይሆን ደንብ ይደረግለታል። እዚህ ላይ ነው የእናንተ ዕውቀት የሚመጣው። የኢትዮጵያ ቀን ከዚህ የተለየ ዓይነት ነውና። ወሩ 13 ነው፤ 12ቱ ወራት 30፣ 30 ቀን ናቸው፤ ጳጉሜን 5፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ 6 ናት።

የአማርኛ ጋዜጣና መጽሐፍ ይህን ልዩነት ሲያከብሩ ኖረዋል። የራሳችን ሲሆን «ዓ.ም.» ይሉታል፤ የውጭው ሲሆን ፊቱ ላይ «እ.ኤ.አ.» ይጽፉበታል፤ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ማለት ነው። እነዚህ ሦስት ፊደላት ልጆቻችን ዛሬ በኮምፒውተር የሚማሩት የዓይነት ማስታወቂያ ናቸው። ቁጥሩን ብቻ አይሰጡንም፤ የማን ቁጥር እንደሆነም ይነግሩናል። እስራኤል ስንገባ ግን ቅጹ ላይ ያለው ሳጥን ለቁጥር ብቻ የተሠራ ነበር፤ ለሦስቱ ፊደላት ቦታ አልነበረውም።

ባለፈው ጊዜ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ በሲ ሻርፕ የራሱን ዓይነት እንዲፈጥርና ወደ ሌላ ዓይነት እንዲለውጥ የቤት ሥራ ተሰጠው። የሚሠራው በሠፈሩ የወጣቶች ማዕከል ነበር። እኔ ደግሞ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ከአያቱ ጋር አንድ ወረቀት እንሞላ ነበር። ልጁ ሲ ሻርፕ የዕብራይስጥን የዘመን አቆጣጠር አዘጋጅቶ እንደያዘ፣ የኢትዮጵያን ግን እንዳልያዘ ስላወቀ «ይህንን እኔ እሠራለሁ» ብሎ ተነሣ። 13 ወሩን ጻፈ፤ የጳጉሜንን ደንብ አገባ። የመለወጫውንም ሕግ ጻፈ፤ ከመስከረም 1 እስከ ኤውሮጳውያን ዲሴምበር መጨረሻ 7 ይደመራል፤ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይደመራል። ከዚያ መሞከር ፈለገና ወደ አያቱ ዞረ።

«እማማ፣ የተወለዱበትን ቀን ይንገሩኝ።»

«በ57 ነው፣ ልጄ።»

ልጁ 1957 ብሎ ጻፈ፤ ፕሮግራሙ አልቀበልም አለ። ወሩ ባዶ ስለሆነ 7 ይደመር ወይስ 8 አያውቅም። ያለ ወር 1957 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. 1964ም 1965ም ሊሆን ይችላል።

«ወሩስ?» አላቸው።

«ወሩንማ ማን ጻፈው? እናቴ ግን ሰው ሁሉ ለስግድ ወደ ተራራው በወጣበት ሰሞን ነው የወለድኩሽ ትለኝ ነበር።»

ልጁ እንደ መልስ አልቆጠረውም፤ ቁጥር አልነበረምና። ነገር ግን መልስ ነው። ስግድ ሔሽቫን 29 ቀን፣ ከዮም ኪፑር 50ኛው ቀን ነው። ይህም በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ውስጥ ይውላል። ስለዚህ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር ባለው ውስጥ ነው፤ የሚደመረው 7 እንጂ 8 አይደለም። 1957 ሲደመር 7፣ 1964 ሆነ።

በመታወቂያቸው ላይ ያለው ቁጥር ግን 1965 ነው፤ ቀንና ወሩ ደግሞ 00 ተብሏል። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሰው፣ ክፉ አስቦ ሳይሆን ቸኩሎ፣ ወሩን ሳይጠይቅ 8 ደመረ። እርሳቸው ሁለቱን ቁጥሮች አዩና እንዲህ አሉ፦ «እኔ ተጻፍኩ እንጂ አልተጠየቅሁም።»

የአንድ ዓመት ልዩነት ምን ይጎዳል የሚል ሰው ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ በዋለው ለውጥ የሴቶች የጡረታ ዕድሜ ከ62 ወደ 65 ደረጃ በደረጃ ከፍ ይላል፤ ደረጃውን የሚወስነው የልደት ዓመት ነው። በ1964 ለተወለደች ሴት 63 ዓመት ከ6 ወር ነው፤ በ1965 ለተወለደች 63 ዓመት ከ9 ወር ነው። ዓመቱ ሲሳሳት የምትቆጥርበት መነሻም ይገፋል፤ የሚጠበቅባት ዕድሜም ይጨምራል። በጽዳት ሥራ ጉልበታቸው ላለቀ እናት እነዚህ ወራት ቀላል አይደሉም። 1957 ሳይለወጥ እንዳለ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሰባት ዓመት ባስረጃቸው ነበር። ዕድሜው አለልክ የተጻፈ ሕፃንም ከእኩዮቹ ያነሰ ወይም የበለጠ ክፍል ሊገባ ይችላል።

በሲ ሻርፕ አዲስ ዓይነት የሚፈጥር ሰው ለውጡ ከሁለት በየትኛው መንገድ እንደሚሆን መምረጥ አለበት። አንዱ ዝምተኛ ለውጥ ነው፤ ማንም ሳይጠይቅ በራሱ ይሆናል። ሁለተኛው በግልጽ ካልተጠየቀ የማይደረግ ለውጥ ነው። ለፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚሰጠው ምክር እንዲህ ነው፤ ዝምተኛውን መንገድ የምትፈቅደው በለውጡ ምንም የማይጎድልና የማይሰናከል ሲሆን ብቻ ነው፤ የሚጎድል ነገር ካለ ለውጡ በግልጽ ይሁን። እኔ በሥራዬ ከማየው ችግር ብዙው የዚህ ምክር መጣስ ነው። የሚጎድል ነገር እያለ ለውጡ በዝምታ ተደረገ።

ይህ የመጤዎች ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 አሪያን 5 የሚባለው የአውሮፓ ሮኬት በፈረንሳይ ጊያና ከሚገኘው ከኩሩ ጣቢያ በመጀመሪያ ጉዞው ተነሣ። 40 ሰከንድ ግድም ሲሆነው ተሰባብሮ ጠፋ፤ የጫናቸው አራት ሳተላይቶችም አብረው ጠፉ። ምክንያቱ የዓይነት ለውጥ ነበር። የሮኬቱን ፍጥነት የሚመለከት አንድ ትልቅ ክፍልፋይ ቁጥር፣ ከ32,767 በላይ መያዝ ወደማይችል ትንሽ ሙሉ ቁጥር እንዲለወጥ ተደረገ፤ ቁጥሩ ከዚያ በላይ ስለነበረ ሥርዓቱ ወደቀ። የሚገርመው ቋንቋው አዳ የሚባለው፣ በዓይነት ጥብቅነቱ የታወቀ መሆኑ ነው። ጥበቃው ነበረ፤ ነገር ግን ለዚያ ቁጥር አያስፈልግም ተብሎ ቀርቶ ነበር። ፕሮግራሙ የተወሰደው ከቀድሞው አሪያን 4 ሲሆን፣ በዚያ ሮኬት ቁጥሩ ያን ያህል ሊደርስ አይችልም ነበር። አዲሱ ግን ይፈጥናል።

ይህን ታሪክ ሳስብ እኛን አስባለሁ። በአንድ አገር ልክ የሆነ ነገር፣ ሳይመረመር ወደ ሌላ አገር ሲሻገር ይሰብራል። በሦስተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ናሳ ወደ ማርስ የላከው መንኮራኩር የጠፋው በቁናና በኪሎ ዓይነት ስሕተት ነው። አንዱ ወገን ግፊቱን በእንግሊዝ መለኪያ ሰጠ፤ ሌላው በኒውተን መስሎት ተቀበለ። ቁጥሩ ተላልፎ ነበር፤ የማን መለኪያ እንደሆነ ግን አብሮ አልተላለፈም።

በየቤታችን ይህ በየቀኑ የሚደርሰው በሰዓት ነው። ሐኪም ወይም ጸሐፊ በዕብራይስጥ «በሽሞኔ» ትላለች፤ ልጁ ለእናቱ «በስምንት ሰዓት» ብሎ ይተረጉማል። ቃሉ ልክ ነው፤ ሽሞኔ ስምንት ነው። ነገር ግን የእናቱ ስምንት ሰዓት ከቀኑ 14:00 ነው፤ የጸሐፊዋ ስምንት ግን ጠዋት፣ በእኛ 2 ሰዓት ነው። ልጁ ቃሉን ተረጎመ፤ ዓይነቱን አልለወጠም። በዚህ ምክንያት በኩፓት ሆሊም ስንት ቶር እንዳለፈ የሚያውቀው የጠበቀ ብቻ ነው፤ በመድኃኒት ሰዓት ሲሆን ደግሞ የከፋ ይሆናል። «በ2 ሰዓት» የሚል ወረቀት አራት ትርጉም አለው፤ 8:00፣ 20:00፣ 2:00 ወይም 14:00። ልጆቻችንን አስተርጓሚ ስናደርግ ይህን ሸክም አብረን እንደምንጭንባቸው እናስተውል።

የስምም ነገር እንዲሁ ነው። የእኛ ስም ሦስት ደረጃ ነው፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት። የእስራኤል ቅጽ ሼም ፕራቲና ሼም ሚሽፓሃ ይላል። ሦስቱን ወደ ሁለት ሲለውጡ የትኛው ይቅር? በተለያየ ዓመት የመጡ ወንድማማቾች አንዱ በአባቱ፣ አንዱ በአያቱ ስም ተመዝግበው፣ ልጆቻቸው በወረቀት ባዕድ የሆኑበት ቤት በመካከላችን አለ። በአገራችን ልማድ ሚስት ስሟን አትለውጥም፤ እዚህ ግን የባልና የሚስት የቤተሰብ ስም መለያየት ጥያቄ የሚያስነሣበት ጊዜ አለ። ማንም ስሕተት አልጻፈም፤ የጠፋው በምን ደንብ እንደተለወጠ የሚናገር ወረቀት ነው።

ነገሩ ሲሟላ ግን ለውጥ እንዴት ያምራል! የሰሎሞን ዘመቻ የተጀመረበት ዕለት ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. ሜይ 24 ቀን 1991 ነው፤ በዕብራይስጥ ሲቫን 11 ቀን 5751 ነው። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው የመጣበት ያው አንድ ዕለት ነው። ዕለት፣ ወርና ዓመት ከተሟሉ ከሦስቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሄዶ መመለስ ይቻላል። የዕብራይስጥ ቀን ግን የሚለወጠው ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሆነ ሰዓቱም ያስፈልጋል፤ ዓርብ ማታ በ3 ሰዓት የተወለደ ልጅ በዕብራይስጥ የቅዳሜው ነው። ለባር ሚጽቫው ቀን የሚቆጠርለት በዚያ ነው።

እንግዲህ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች በተለይ የምመክረው ይህ ነው።

በመጀመሪያ፣ ቀን ስትጽፉም ሆነ ስትናገሩ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ጨምሩበት። ሰዓት ከሆነ በእስራኤል መንገድ 14:00 ብላችሁ ጻፉና አጠገቡ «ከቀኑ 8 ሰዓት» በሉበት።

ሁለተኛ፣ ወሩን ባታውቁት እንኳ ወቅቱን ተናገሩ። «በስግድ ሰሞን»፣ «ጥቅምት ላይ» ያለ ሰው 7 ይደመርለታል። «በፋሲካ»፣ «በክረምት» ያለ 8 ይደመርለታል። የሚያሻማው ወር ታኅሣሥ ብቻ ነው፤ ጃንዋሪ የሚገባው በታኅሣሥ 22 ወይም 23 ነውና። ከእናታችሁ የሰማችሁትን ተረት ነው ብላችሁ አትናቁት፤ የጎደለው ወር ያለው በዚያ ውስጥ ነው።

ሦስተኛ፣ የማይታወቅን ነገር «አይታወቅም» በሉ። በኮምፒውተር ትምህርት 0 አንድ ነገር ነው፤ «አልተሰጠም» ደግሞ ሌላ ነገር ነው። መታወቂያ ላይ ያለው 00 ቢያንስ እውነቱን ይናገራል፤ ቀኑ አልታወቀም ይላል። አንዳንድ ቅጽ 00 አልቀበልም ሲል 1/1 ተብሎ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ የሚያየው ሰው በጃንዋሪ 1 የተወለደ ሰው ያገኘ ይመስለዋል። ባዶነቱ እንኳ ጠፋ ማለት ነው።

አራተኛ፣ አንድ ደብተር ይኑራችሁ። የቤተሰቡ ሁሉ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተባለው ቀን እንዳለ፣ አጠገቡ የተለወጠው፣ ማንና በምን ደንብ እንደለወጠው ይጻፍ። ወደ አዲሱ የተለወጠውን ስትይዙ የመጀመሪያውን አትጣሉ፤ መመለሻው እርሱ ነው።

የተመዘገበ ዕድሜን ማስተካከል የሚፈልግ ሰው እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣ የዕድሜ መወሰኛ ሕግ መኖሩን ይወቅ፤ በእርሱ መሠረት ፍርድ ቤት ዕድሜን እንዲወስን መጠየቅ ይቻላል። ከመጀመሩ በፊት ግን የሕግ ምክር ይጠይቅ፤ ዕድሜ ሲለወጥ ከእርሱ ጋር የሚለወጡ ሌሎች መብቶች አሉና። እኚያ እናት እስካሁን አልወሰኑም። ልጆቻቸው ይሂዱ ይላሉ፤ እርሳቸው ደግሞ ፍርድ ቤት መቆሙን አልወደዱትም። ውሳኔው የእርሳቸው ነው፤ ዋናው አሁን አውቀው የሚወስኑ መሆናቸው ነው።

ልጁ የቤት ሥራውን ሲያስረክብ፣ ለወሩ ቦታ «ወቅት» የሚባል ሌላ ዓይነት ጨምሮበት ነበር፤ ስግድ፣ ፋሲካ፣ ክረምት የሚሉ ምርጫዎች አሉበት። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘውም። ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ያን ደብተር ሲዘረጉ ከአጠገባቸው አትነሡ። እንግሊዝኛውን ባታነቡት «ይህ ቁጥር የምን ነው? ሲለወጥ ምን ይጎድላል? ተመልሶስ ይመጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሦስቱም ትክክለኛ የኮምፒውተር ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሱን ለማግኘት ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ እናንተ መዞር ያስፈልጋቸዋል።